ስለ ካፋ ነገሥታት አዳራሽና ስለ ዘውዱ መንገድ

ነገሥታት ያደሩበት ቤት ቤተ መዘክር ሆኖ ለሕዝብ ሲከፈት ታሪኩ በብዙ አገር ተመሳሳይ ጎዳና ይከተላል፤ ንጉሡ ይሞታል ወይም ይሻራል፣ ወራሹ ቤቱን ወድዶም ሆነ ተገድዶ ለመንግሥት ያስረክባል፣ ጠባቂ ይሾማል፣ አልጋውና ወንበሩ እጅ እንዳይነካው በገመድ ይታጠራል፣ በደጁም ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ይቀመጣል። የኦስትሪያ ነገሥታት ክረምት አልፎ ሙቀት ሲገባ የሚወርዱበት የሾንብሩን ግቢ፣ የሩሲያ ነገሥታትም በባሕር ዳር ያነጹት ፒተርሆፍ በዚህ ሥርዓት አልፈው ዛሬ የተመልካች ሀብት ሆነዋል። የካፋ ነገሥታት አዳራሽ ዕድል ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ቤቱ ለቤተ መዘክርነት ሳይበቃ በእሳት ጠፋ፣ የንግሥናው ንዋይ ደግሞ ቤቱን ተለይቶ በባዕድ አገር ለዘመናት ተንከራተተ። ስለዚህም የዚህን ቤተ መንግሥት ታሪክ የሚጽፍ ሰው በአንድ ግቢ ተቀምጦ ሊፈጽመው አይችልም፤ ከአንድራቻ ወደ ጅሬን፣ ከጅሬን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ዙሪክና እስከ ቪየና ድረስ ዱካ መከተል ይገባዋል።

አንድራቻ ከቦንጋ ከተማ እምብዛም ሳይርቅ የሚገኝ ሥፍራ ነው። ከሚንጆ ነገድ የሚወለዱትና በአገሩ ቋንቋ ታቶ የሚባሉት የካፋ ነገሥታት ከአንድ በላይ መኖሪያ ነበራቸው፤ ከነዚህም ስማቸው በውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍ ሳይቀር የታወቁት ቦንጋና አንድራቻ ናቸው። እነዚህን መኖሪያዎች ሙቀት ለመሸሽ የተሠሩ የበጋ ቤቶች አድርጎ የሚገምት ቢኖር የካፋን ሰማይ አያውቀውም ማለት ነው፤ ዝናብ አብዛኛውን ዓመት በማይለየውና ጫካው ራሱ ጥላ በሆነበት በዚያ ደጋና ወይና ደጋ አገር ንጉሥ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ለሥርዓተ መንግሥት እንጂ ለመናፈስ አልነበረም።

ሥርዓተ መንግሥቱም የጠነከረ ነበር። ታቶው ብቻውን አይፈርድም፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ከጎኑ ነበሩ፤ የንጉሥ ሞትና የንጉሥ ሹመት፣ የጦርነትና የእርቅ ጉዳይም በምክራቸው የሚያልፍ ነበር። ንጉሡ እንደ ሌላው ሰው በአደባባይ የሚታይ አልነበረም፤ በመጋረጃ ተሰውሮ ቃሉን በሌላ አፍ ያሰማል፣ ማዕዱንም ሲቀምስ ዓይን አያየውም ይባላል። አገሪቱ ራስዋ እንደ አንድ ትልቅ አጥር ግቢ የተዘጋች ነበረች፤ በዳርቻዋ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ፣ አጥር ተተክሎ፣ መግባትና መውጣት የሚቻለው ዘበኞች በሚጠብቋቸው በሮች ብቻ ነበር። ነጋዴው ግን በዚህ ሁሉ ጥበቃ መካከል ያልፍ ነበር፤ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማ፣ ማርና ቡና፣ እንዲሁም ለመናገር የሚያሳፍረው የባሪያ ንግድ፣ ቦንጋን ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ካለው ዓለም ሁሉ ጋር ያገናኟት ነበር።

የአዳራሹ ሥራ ከዚያው ከጫካው የወጣ ነበር። በሰሜኑ አገር ነገሥታት ለቤታቸው ድንጋይና ኖራ ሲያስፈልጓቸው፣ የካፋ ነገሥታት ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ከደጃቸው ነበራቸውና ግንዱን ምሰሶ፣ ቀርከሃውን ግድግዳ፣ ሣሩን ክዳን አድርገው አነጹ። በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጎንደር ያለው የፋሲል ግንብ ቃጠሎና ዝርፊያ አልፎበት ግድግዳው ሲቆም፣ የአንድራቻ ጽርሕ ግን አንዲት ችቦ ልታጠፋው የምትችል ታላቅነት ነበረው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ድንጋይ ባላገኙበት ሥፍራ ሁሉ መንግሥት አልነበረም ብለው ይፈርዳሉ፤ ይህ ፍርድ በኔ ግምት ከታሪክ ስሕተቶች ሁሉ ሰነፍ የሆነው ነው።

ከውጭ አገር መጥተው ቦንጋን ካዩት ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ቀደምት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ለማምጣት በላከው ጉዞ ተጠግቶ ነበር የገባው፤ የተዘጋ አገር በር ለሠርግ እንደሚከፈት ያወቀ ሰው ነበረና። ከእርሱ ቀጥሎ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ማሳያ በ1859 ገብቶ ወንጌል ለማስተማር ቢጥርም ሁለት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ተባረረ። በእነዚህ ሰዎች ጊዜ የነበረው መንግሥት ገና ሙሉ ነበር፤ ጥንት በመነኮሳት የገባውም የክርስትና ሃይማኖት ቅሪት በአገሩ አምልኮ መካከል ተሰውሮ ይኖር ነበር። በቦንጋ አካባቢ ያለችው የባሐ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዚያ የጥንት ዘመን መታሰቢያ ናት።

መንግሥቱ ያለፈበት ጦርነት በ1889 ዓ.ም. ተነሣ። ዳግማዊ ምኒልክ የዓድዋን ድል በተጎናጸፉ በዓመቱ፣ ምዕራቡን ከአውሮፓውያን መስፋፋት ለመቅደምና የካፋን ሀብት ወደ ግምጃ ቤታቸው ለማስገባት ራስ ወልደ ጊዮርጊስን ላኩ፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ዘመቱ፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ሠራዊት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ተሰለፈ። በ1882 ዓ.ም. የነገሠው የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ጠመንጃ በብዛት ባይኖረውም ጫካውን አጥር፣ ሌሊቱን ባልንጀራ አድርጎ ለወራት ተዋጋ። በ1890 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ ሰሞን ግን ተያዘ። ካፋ ውስጥ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ እንደሚተርኩት ጎጀብን ሲሻገር ቀለበቱን አውልቆ በወንዙ ጣለው፤ ንጉሥነቱ በሌላ ሰው ጣት እንዳይቀር ማለት ነው። ንጉሥን በብረት ማሰር ነውር ነውና በብር ሰንሰለት ታሰረ ይባላል፤ አንኮበር ተወስዶ ታሰረ፣ በመጨረሻም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 በአዲስ አበባ ዐረፈ።

በዚህ ጦርነት መካከል ነው የአንድራቻ አዳራሽ የተቃጠለው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አገሩን ከያዙ በኋላ በዚያው በአንድራቻ ከተሙ፤ አዲስ ገዥ በአሮጌው ንጉሥ አመድ ላይ ድንኳኑን ሲተክል ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም መልእክቱ ግልጽ ነበር። በጥር 1890 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በአካባቢው የሰው አጥንት በየሥፍራው ተበትኖ እንዳየ ጽፏል። ይህ ሰው ቆይቶ መኮንንነቱን ትቶ መንኩሶ በአቶስ ተራራ አባ አንቶኒ ተብሎ ኖሯል፤ ካፋ ላይ ያየው ነገር ወደ ምንኩስናው ምን ያህል እንደገፋው ራሱ ብቻ ያውቃል። እኔ ከጽሑፎቹ ሁሉ የማደንቀው ግን ያገለገለውን ሠራዊት እያወደሰ የሠራዊቱን እጅ ሥራ ያለ መሸፈን መመስከሩን ነው።

ቤቱ ጠፍቶ ዘውዱ ግን ዳነ። የካፋ ነገሥታት ዘውድ ከሌሎች የኢትዮጵያ ዘውዶች በቅርጹ ይለያል፤ እንደ ራስ ቁር ወደ ላይ የሾለ ነው፣ በግንባሩ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ጌጥ ይወጣል፤ ጌጡም የወንድነትንና የመራባትን ኃይል የሚያመለክት ነበር፤ ቀጫጭን ሰንሰለቶችም ተንጠልጥለውበታል። ይህንን ዘውድ የደፋ ታቶ ሙሉ ንጉሥ ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ ዘውዱ በሌላ ሰው እጅ መኖሩን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ምኒልክ አልሳቱትም። ስለዚህ ዘውዱ በአዲስ አበባ እንኳ እንዲቀመጥ አልወደዱም፤ ለአማካሪያቸው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፣ ኢልግም ወደ ዙሪክ ወሰደው። በሰው ቤት የተቀመጠው ዘውድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ። መጽሐፈ ሳሙኤል ጽላቱ ተማርኮ በፍልስጥኤም ሰባት ወር እንደኖረ ይነግረናል፤ የካፋው ዘውድ በባዕድ አገር የኖረበት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ጅሬን መሻገር ያስፈልጋል፤ የካፋ ታሪክ ያለ ጅማ ታሪክ ግማሽ ነውና። ከቦንጋ ተነሥቶ በጥርጊያው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ጎጀብን ተሻግሮ፣ ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ካለፈ በኋላ ጅማ ይደርሳል፤ ከጅማም ወደ ዳገቱ ሲወጣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በጅሬን ያገኘዋል። ይህም ቤት የእንጨት ነው። ሰገነቱና የግድግዳው ማያያዣ በጠራቢዎች እጅ የተቀረጸ ነው፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ከተሠራ ወዲህም እስከ ዛሬ ቆሟል። የሁለቱን ቤቶች ዕጣ የለየው የጠራቢው ጥበብ ወይም የእንጨቱ ጥራት አይደለም፤ አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1876 ዓ.ም. ገደማ ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምቶ አገሩን በውስጥ አስተዳደር ጠብቆ እስከ ሞቱ፣ እስከ 1925 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ገዛ። ጋኪ ሸሮቾ ግብሩን እንቢ ብሎ ተዋጋ። በዚህ ምክንያት አንዱ ቤት ቤተ መዘክር ሆነ፣ የንጉሡም ዕቃዎች በጅማ ሙዚየም ተሰብስበው ተቀመጡ፣ ሌላው ቤት አመድ ሆነ። በቤተ መዘክር ውስጥ የምናየው ነገር ሁሉ በአንድ ወቅት የተደረገ ውል ውጤት መሆኑን የሚያስታውስ ጽሑፍ በየደጁ ቢለጠፍ መልካም ነበር።

ጅማ በዚህ ብቻ አላቆመችም። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት ስትከፈል አካባቢው ካፋ ጠቅላይ ግዛት ተባለ፣ ርእሰ ከተማው ግን ጅማ ሆነ፤ ቦንጋ በካፋ ስም በሚጠራው ግዛት ዳር ላይ አውራጃ ሆና ተቀመጠች። ስምህን ወስዶ ቤትህን ሌላ ሥፍራ የሚሠራ መንግሥት ሲገጥምህ ቅሬታው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ቦንጋ ሲሄዱ የሚሰሙት ንግግር ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

ዘውዱ በ1947 ዓ.ም. ሲመለስ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ በስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ነበር። ይህ ቤት በኢትዮጵያ ምድር ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ መዘክር ለመለወጡ ከሁሉ ጎልቶ የሚታይ ምሳሌ በመሆኑ፣ የካፋ ታሪክ ጸሐፊም ሳይገባበት ሊያልፍ አይገባውም። ከኢጣሊያ ወረራ ጥቂት ዓመታት በፊት የተሠራው ገነተ ልዑል ባለቤቱ በዕረፍት አልኖረበትም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሙሶሊኒ እንደራሴ ግራዚያኒ ለኔፕልስ ልዑል መወለድ ደስታ ምጽዋት ለመስጠት በግቢው ደረጃ ላይ ቆሞ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም እስከ ዛሬ በአደባባዩ ሐውልት ይዘከራል። ኢጣሊያኖች የሠሩት ወደ ሰማይ የሚጠመዘዘው ደረጃም በግቢው ይታያል፤ ደረጃዎቹን የፋሺስት መንግሥት ከተመሠረተበት ከ1922 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ያለፉት ዓመታት ቁጥር አድርገው አሰሉት። ነፃነት ሲመለስ ያ ደረጃ አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆመበት። ሐውልትን ከማፍረስ ይልቅ በራሱ ላይ መጻፍ የበለጠ ብልኀት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አንበሳ ሲሸከም ማየት ከብዙ መጽሐፍ ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ግርማሜ ንዋይ ባስነሡት መፈንቅለ መንግሥት ታላላቅ ሹማምንት በገነተ ልዑል ውስጥ በምርኮ ተይዘው፣ ንቅናቄው ሲከሽፍ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው እልፍኝ በጥይት ተደበደቡ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድም በዚያ ከሞቱት መካከል ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ማደር አልፈለጉም፤ ቤቱንና ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የቤተ መዘክሩ አደራጅ ሆኑ።

በዚያው ቤት በተደራጀው ቤተ መዘክር ወደ ላይ ሲወጣ ጎብኚው በመጀመሪያ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ሕይወት ከልደት ጀምሮ በጉልምስና በኩል እስከ ሞት የሚያሳየውን የዕቃ ስብስብ ያያል፤ ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ያደሩበት መኝታ ቤት ይደርሳል። መስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። ያን ቀዳዳ ያልጠገነው ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ ከቤተ መዘክር ጠባቂዎች ሁሉ ምስጋና ይገባዋል፤ ተጠግኖ ቢሆን ኖሮ የምናየው የንጉሥ አልጋ ብቻ ነበር። ከመኝታ ቤቱ ጎን ያለው የንጉሡና የእቴጌይቱ መታጠቢያ ክፍልም እንዳለ ተጠብቋል፤ ባላገር ጎብኚዎች ከታላላቆቹ ሥዕሎች ይልቅ በዚህ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው የሚያዩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዙፋን ያየ ሰው ንጉሥ ያያል፣ የመታጠቢያ ገንዳ ያየ ሰው ግን ሰው ያያል።

የካፋው ታቶ ሲበላ እንኳ መታየት አልፈለገም ነበርና፣ ቤቱ ቢተርፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ለሕዝብ ዓይን መጋለጡን እንዴት ይቀበለው እንደነበር መገመት ያስቸግራል።

ካፋን በውጭ አገር ቤተ መዘክር ውስጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ ቪየና መሄድ አለበት። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905ና በ1909 ወደ ካፋ ዘልቆ፣ መንግሥቱ ከወደቀ ገና ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ በሆነው ጊዜ፣ የቀድሞ ባለሥልጣናት በሕይወት ሳሉ እየጠየቀ ሥርዓቱን፣ ሹመቱን፣ ዕቃውን ጻፈ፤ ሁለት ታላላቅ ክፍል ያለው መጽሐፉ ያለ እርሱ ሊጠፋ ይችል የነበረውን ብዙ ነገር ይዞልናል። የሰበሰበው ዕቃና ጽሑፍ ከፊሉ በቪየና ውስጥ በሂትሲንግ ቀበሌ ቤተ መዘክር ይገኛል። የሚያስገርመው ነገር ሾንብሩን የተባለው ቀድሞ የጠቀስነው የነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት ያለው በዚያው በሂትሲንግ መሆኑ ነው። የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በዚያ ተወለደ፣ በዚያው ሞተ፤ ዘውዱ ሲወድቅም ቤቱ ሳይቃጠል ለሪፐብሊኩ ተላለፈ። የአንድ ንጉሥ ቤት ሙሉውን በቆመበት አካባቢ የሌላ ንጉሥ አገር ንዋይ በመደርደሪያ ተቀምጦ ይኖራል።

ወደ ቦንጋ እንመለስ። ቦንጋ ዛሬ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ ለብዙ ዘመን ያጣችውን ርእሰ ከተማነት በከፊል አገኘች ማለት ነው። ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው በዚያ ነው። ዩኔስኮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ጫካ፣ በውስጡ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው ቡና፣ ለሙዚየሙ ተገቢ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ቡናን ከመንግሥቱ ነጥሎ ማሳየት ለኔ ግማሽ ሥራ ይመስለኛል። ያ ቡና ወደ ነጋዴ የወጣው በታቶው በሮች በኩል ነውና፣ የቡናው ሙዚየም ሳይወድ በግድ የነገሥታቱም ሙዚየም መሆን አለበት።

ይህ ደግሞ ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነው። የእንጨት ቤት ሲቃጠል ምድር ላይ የሚተወው አሻራ አለ፤ ምሰሶ የተተከለበት ጉድጓድ አፈሩ ከአካባቢው ይለያል፣ ሙያ ያለው ሰው በጥንቃቄ ቢቆፍር የአዳራሹን ስፋትና የምሰሶዎቹን ብዛት ከመሬቱ ሊያነበው ይችላል፤ በብዙ አገር የእንጨት ቤተ መንግሥቶች ቅርጽ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። አገሪቱን የከበቡት ቦዮች ደግሞ ከግንድ የበለጠ ዕድሜ አላቸው፤ ዱካቸውን በካርታ ላይ ማስፈር፣ የበሮቹን ሥፍራ ከሽማግሌዎች ቃል ማወቅ፣ የዘውዱን ልክ ቅርጽ አሠርቶ በቦንጋ ማቆም፣ በቪየና ያለውን ጽሑፍ ቢያንስ በፎቶ ግራፍ ማስመጣት በየተራ ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ልኬት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የታሪክና የአርኪዮሎጂ መምህራንና ጥቂት ተማሪዎች ይበቃሉ፣ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው።